በኒኮን ዲ70 የሠሩ ምን ይላሉ? ከሰሜን ሸዋ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። መደርደሪያው ላይ አንዲት ጥቁር ኒኮን ዲ70 ካሜራ ተቀምጣለች። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የሚገባ ወጣት ሁሉ ዓይኑ እሷ ላይ ያርፋል። «ይቺ አሁንም ትሠራለች?» ይለኛል። ትሠራለች። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። አብዛኞቹ ያገለገለ ካሜራ ገዝተው ሙያውን ሊጀምሩ የሚያስቡ ናቸው። ከአጎታቸው የወረሷት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኟትም አሉ። ለእነሱ የምመልሰውንና የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢትና የመሐል ሜዳ የሙያ ጓደኞቼ የሚሉትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሁላችንም በአንድ ሐሳብ አንስማማም። ያልተስማማንበትንም አልደበቅሁም።

ዲ70 መቼ ወጣች? ለምንስ ከቀደምቶቹ ትቆጠራለች?

ኒኮን ያስተዋወቃት በጥር 1996 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2004 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ዲጂታል ኤስኤልአር (በመስታወት አማካኝነት በሌንሱ በኩል የምናይባት፣ ሌንሷ የሚቀየር ካሜራ) አይደለችም። ኮዳክ በ1991 የኒኮን ኤፍ3ን አካል ወስዶ ባለ 1.3 ሜጋፒክስል (አንድ ሜጋፒክስል አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው) ካሜራ ሠርቶ ነበር። ምስሉ የሚቀመጠው ግን ትከሻ ላይ በሚንጠለጠል ሌላ ሣጥን ውስጥ ነው። በ1999 የኒኮን ዲ1 መጣች። 2.7 ሜጋፒክስል ነበረች፤ ዋጋዋም ከ5,000 ዶላር በላይ። ይህ የዜና ድርጅት እንጂ የፎቶ ቤት ገንዘብ አይደለም። በ2002 ባለ 6 ሜጋፒክስሏ ዲ100 በ2,000 ዶላር ገደማ ወጣች። በ2003 ካኖን 300ዲን ከ1,000 ዶላር በታች አወረደ። ዲ70 የመጣችው ለዚያ መልስ ሆና ነው፤ አካሏ ብቻ 999 ዶላር፣ ከ18-70 ሌንሷ ጋር 1,299 ዶላር።

ዲጂታል ኤስኤልአር ከትልልቅ ጋዜጦች እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ፎቶ አንሺ እጅ የገባው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው። ቀደምት የምላት ለዚህ ነው።

ያኔ ባለሙያዎች ምን አሏት?

መጀመሪያ የፊልሙን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ፊልም 36 ፖዝ ነው። ለሰርግ ሦስት ፊልም ከያዝክ 108 ጊዜ ትጫናለህ፣ አለቀ። ፊልሙን አዲስ አበባ ለማሳጠብ 130 ኪሎ ሜትር ይላካል። ሙሽሪት ዓይኗን ጨፍና ከነበር የምታውቀው ሙሽሮቹ ከመልስ ከተመለሱ በኋላ ነው። ከዚያ ምን ይደረጋል? ምንም።

እንዲህ ለለመደ ሰው ዲ70 ላይ ያለችው ባለ 1.8 ኢንች ስክሪን ትንሽ ነገር አይደለችም። ከደብረ ሲና አንድ አንጋፋ ጓደኛዬ ሲያወራ፣ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ፎቶ ባነሳ ቁጥር ስክሪኑን ለሙሽራው ያሳይ እንደነበር ይነግረኛል። ሙሽራው ራሱ ሰርጉን ትቶ ስክሪኑን ማየት ጀመረ አለኝ።

በዓለም ደረጃ ባለሙያዎች ያመሰገኑት ፍጥነቷን ነው። ማብሪያውን ስትነኩት ወዲያው ዝግጁ ናት። 300ዲ እስክትነሳ ሦስት ሰከንድ ገደማ ትፈልግ ነበር። ዲ70 በሰከንድ 3 ፎቶ ታነሳለች። በጄፔግ (ካሜራው አሳንሶ በሚያስቀምጠው የተለመደ ፋይል) ከሆነ፣ ፈጣን ካርድ እስካላት ድረስ፣ ቶሎ አትታነቅም። 300ዲ አራት ፎቶ ተኩሳ ትቆማለች። ዲ100 የገዙ ሰዎች በእጥፍ ዋጋ የገዙት ካሜራ በታናሽ እህቱ ሲበለጥ አይተው አዝነዋል።

ያልወደዱትስ? አካሏ ፕላስቲክ ነው። ያለ ባትሪ 595 ግራም ትመዝናለች። እንደ ዲ1 ብረት የለበሰች አይደለችም፤ ዝናብም አትወድም። የምታዩበት መስኮት ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ የምታነሱትንም 95 በመቶውን ብቻ ያሳያችኋል። ከኒኮን የፊልም ካሜራ ከኤፍኤም2 ሰፊ መስኮት የመጣ ሰው መጀመሪያ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች እንደ ሁለተኛ ካሜራ ይዘዋታል። ብዙዎቹ ጋ ደግሞ ቀስ በቀስ ሁለተኛዋ አንደኛ ሆነች።

6 ሜጋፒክስል ዛሬ ይበቃል?

ስሌቱን አብረን እንሥራ። ፎቶዋ በአግድም 3,008፣ በቁመት 2,000 ነጥብ አለው። ጥሩ ኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል ብንል፣ 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በኢንች 200 ነጥብ ብናደርገው 38 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለጉርድ ፎቶ፣ ለ10 በ15፣ ለ13 በ18፣ ለ20 በ30 ምንም አትቸገሩም። እኔ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ባለ 30 በ40 ፎቶ ከዲ70 የወጣ ነው። ሰው በስንት ካሜራ እንደተነሳ ጠይቆኝ አያውቅም። ሴትየዋ ማን እንደሆነች ነው የሚጠይቀኝ።

የምትቸገሩት ቆርጣችሁ ስታወጡ ነው። ከሩቅ አንስቼ በኋላ እቆርጠዋለሁ ማለት እዚህ አይሠራም። መጠጋት አለባችሁ።

ነጠላ ሳነሳ ነጩ ለምን ይጠፋብኛል?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። እኛ ባለሙያዎችም አጥብቀን የምንከራከርበት ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጠባሴ ሄጄ አንዲት እናት ከቤታቸው በር ላይ አነሳሁ። ፀሐይ ከፊት ለፊታቸው ነበር። ከኋላቸው የበሩ ጨለማ አለ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ። ስክሪኑ ላይ ሳየው ደስ አለኝ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ነጠላው የለም። እጥፋቱ፣ ፈትሉ፣ የትከሻቸው ቅርጽ ሁሉ ባዶ ወረቀት ሆኗል። ጥለቱ ብቻ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅሁና ጥላ ውስጥ አነሳኋቸው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? የካሜራው ብርሃን መለኪያ ብዙ ጨለማ ካየ ፎቶውን ያበራዋል። የበሩ ጨለማ አታሎት አበራው፤ ነጩ ከልክ አለፈ። ተቃራኒውም ይደርሳል። ነጠላው ፍሬሙን ከሞላው መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ያን ጊዜ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊት ደግሞ ይጠቁራል።

የዘመኑ ካሜራዎች ከልክ ካለፈ ነጭ ላይ ጥቂት ማስመለስ ይችላሉ። ዲ70 ግን እምብዛም አታስመልስም። በጄፔግ ካነሳችሁ ጭራሽ የለም። በሮው (ካሜራው ባልነካው ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ ትንሽ ትተርፋለች። ጨለማው ውስጥ ያለው ነገር ግን ይወጣል፤ ትንሽ ሽርክት (አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ) ቢልም ይወጣል።

ስለዚህ የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። የፕላስና ማይነሷን ቁልፍ ተጭኜ በሲሶ ስቶፕ ወይም በሁለት ሲሶ ወደ ማይነስ እወርዳለሁ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው)። አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ገጽ እከፍታለሁ። ነጠላው ብልጭ ካለ እንደገና እወርዳለሁ። ፊቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ አነሳዋለሁ። የሸዋ ሮቢቱ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። «ደንበኛ የሚያየው ፊቱን ነው፤ ፊቱን በትክክል አንሳ፣ ነጠላው እንደፍጥርጥሩ» ይላል። የእሱ ደንበኞች በብዛት ባለቀለም ልብስ የለበሱ ወጣቶች ናቸው። እኔ ጋ ለጥምቀትና ለሰርግ የሚመጣው ነጭ ለብሶ ነው። ሸማ የፈተለች፣ ያሸመነች እናት ፈትሉን ፎቶው ላይ ማየት አለባት ብዬ አምናለሁ። ከዚህ አልነቃነቅም።

ከሁሉም የሚሻለው መድኃኒት ግን ነፃ ነው። ሰውየውን ከፀሐይ አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡት። ግድግዳ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ከበረንዳ ውስጥ። የደጋ ፀሐይ በስድስት ሰዓት ለማንም ካሜራ አይራራም።

ሱፍ ልብስ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ መስመር ይታያል። ካሜራዬ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ሞይሬ ይባላል። የልብሱ ድርና ማግ በጣም ሲደቅና ከሴንሰሩ (ብርሃን ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ነጥቦች ጋር ሲደራረብ፣ የሌለ መስመርና የሌለ ቀለም ይፈጠራል። ሁለት ወንፊት ደራርባችሁ ወደ ብርሃን ብታዩ ተመሳሳይ ነገር ታያላችሁ።

ብዙ ካሜራ ይህን ለመከላከል ከሴንሰሩ ፊት ምስሉን በጥቂቱ የሚያለዝብ ማጣሪያ አለው። የዲ70 ማጣሪያ ሳሳ ያለ ነው። ለዚህ ነው ፎቶዋ ለ6 ሜጋፒክስል ጥርት ያለ የሚሆነው። ለዚህም ነው የሙሽራው ሱፍ አንዳንዴ አረንጓዴና ሐምራዊ የሚያወጣው። ጥራቱን የወደደ ባለሙያ አመሰገናት፤ ፋሽንና ጨርቅ የሚያነሳ አማረረባት። ሁለቱም ልክ ናቸው።

በእኛ አካባቢ በጣም የሚያስቸግረው ደቃቅ መስመር ያለው ሱፍና ስስ ሸማ ነው። የመንዝ ባናና በርኖስ ግን ወፍራም ፈትል ስለሆነ ችግር የለበትም። መፍትሔው አንድ እርምጃ መጠጋት ወይም መራቅ ነው። ብዙ ጊዜ መስመሩ ወዲያው ይጠፋል።

«የሲሲዲ ቀለም» የሚባለው እውነት ነው?

ዲ70 ሴንሰሯ ሲሲዲ የሚባለው ዓይነት ነው። ዛሬ ያሉት ካሜራዎች በአብዛኛው ሲሞስ የሚባለው ሌላ ዓይነት ሴንሰር ያላቸው ናቸው። ሰሞኑን ወጣቶች «የድሮው ሲሲዲ ቀለሙ ልዩ ነው» እያሉ ይፈልጓታል።

እኔ ቀለሟን እወዳለሁ። በተለይ ጠዋት፣ የገብስ ማሳ ሲቢጫ፣ ሰማዩ ገና ቀዝቃዛ ሰማያዊ ሳለ። ነገር ግን ምክንያቱ ሲሲዲ መሆኗ ነው አልልም። ሲሲዲም ሲሞስም ብርሃን ይሰበስባሉ እንጂ ቀለም አያውቁም። ቀለሙን የሚወስኑት ከሴንሰሩ ላይ ያሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች፣ ካሜራው ውስጥ ያለው አሠራርና እናንተ የመረጣችሁት ዋይት ባላንስ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለሙን የሚያስተካክለው ምርጫ) ናቸው። ከፎቶ ቤቴ ፊት አንድን ልጅ በዲ70ና በአዲስ ካሜራ አንስቼ፣ ዋይት ባላንሱን እኩል አድርጌ ለሦስት ባልደረቦቼ አሳየሁ። ሁለቱ ተሳሳቱ።

ዋይት ባላንሱን አውቶ ላይ አትተዉት። ጥላ ውስጥ ከሆናችሁ የጥላውን ምልክት ምረጡ። የጠይም ፊት ሙቀት ወዲያው ይመለሳል።

1/500 የሚሉት የፍላሽ ነገር ምንድን ነው? ሁሉም ለምን ያደንቀዋል?

እኔ ካሜራዋን ያልሸጥኳት በዚህ ምክንያት ነው። ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ሰርግ በሚበዛበት በጥርና ከፋሲካ በኋላ፣ ሙሽሮች ለፎቶ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ በጠራራ ፀሐይ ነው። ፀሐይ ከአናት ሲሆን የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። ጃንጥላ ከተያዘ ደግሞ ፊት ጭራሽ ይጨልማል፣ ከኋላ ያለው ሜዳ ይበራል። ይህን የሚያስታርቀው ፍላሽ ነው፤ በቀን፣ በፀሐይ።

ችግሩ ግን ፍላሽ ከሸተር (ከሴንሰሩ ፊት ከሚከፈተውና ከሚዘጋው መጋረጃ) ጋር እኩል መሄድ አለበት። ሸተሩ ከአንድ ፍጥነት ካለፈ የፎቶው ግማሽ ይጠቁራል። ለ300ዲ ያ ገደብ 1/200 ሰከንድ ነው። ለዲ70 ግን 1/500። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በ1/200 ብታነሱ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሰፋል) ወደ 16 መዝጋት አለባችሁ። በ1/500 ከሆነ 10 ይበቃል። አፐርቸሩ በከፈተ መጠን ፍላሹ ሩቅ ይደርሳል። ከ16 ወደ 10 ስትወርዱ ያው ፍላሽ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይርቃል። ሁለት ሜትር ይደርስ የነበረው ከሦስት ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው። ሙሽራና ሙሽሪትን ከሚዜዎቻቸው ጋር በአንድ ፍሬም ለመያዝ ያ አንድ ሜትር ወሳኝ ነው።

እንዴት ቻለች? ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ ሥራውን ሁሉ መጋረጃው አይሠራውም። ሴንሰሩ ራሱ በኤሌክትሪክ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስለዚህ መጋረጃው ሰፋ ብሎ ተከፍቶ ይቆያል። ፍላሹን ማኑዋል አድርጋችሁ፣ ካሜራዋ «የራሴ ፍላሽ ነው» ብላ እንዳታውቀው ከመሐለኛዋ ነጥብ በቀር ሌሎቹን ትንንሽ ነጥቦች በፕላስተር ብትሸፍኑ ከ1/500ም በላይ ትሄዳለች። ይህን ዘዴ ዛሬም በውድ ካሜራ የማያገኙት ብዙ ናቸው።

በላይዋ ብድግ የምትለው ትንሿ ፍላሽም ንቀት አይገባትም። ኤስቢ-600 ወይም ኤስቢ-800 የተባሉት የኒኮን ፍላሾች ካሏችሁ ያለ ሽቦ ታዛቸዋለች። አንድ ልጅ ፍላሹን በእጁ ይዞ ከሙሽሮቹ ጎን ይቁም፤ እናንተ ከፊት ተኩሱ። የድሮ ኒኮን ፍላሾች ግን በቲቲኤል (ካሜራው የፍላሹን መጠን ራሱ በሚወስንበት ዘዴ) አብረዋት አይሠሩም። እነሱን በማኑዋል ብቻ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ታነሳለች?

አይኤስኦዋ ከ200 ይጀምርና 1600 ላይ ያበቃል። እስከ 800 ያምራል። 1600 ላይ ሽርክቱ ይታያል። ከዚያ በላይ የለም። ስለዚህ ሰፊ አፐርቸር ያለው ሌንስ፣ ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር 1.8፣ ያስፈልጋችኋል። ሽርክት የበዛበትን ፎቶ ጥቁርና ነጭ ሳደርገው የድሮ ፊልም ይመስላል፤ ደንበኞቼም ይወዱታል። ካኖን ይዘው የሚሠሩት ጓደኞቼ በዚህ በኩል የእነሱ ንጹሕ እንደሆነ ይነግሩኛል። እውነታቸውን ነው። ፍላሽን በተመለከተ ደግሞ መጀመሪያ የደብሩን አገልጋዮች አስፈቅዱ።

የደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪውን ይገድለዋል?

አይገድለውም፣ ያደክመዋል። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። ባትሪ ሲበርደው ያለቀ ይመስላል፤ ሲሞቀው ይመለሳል። ሁለት ባትሪ ይኑራችሁ። አንዱ ካሜራው ውስጥ፣ አንዱ ከጃኬት በታች ደረት ኪስ ውስጥ። በየሰዓቱ አቀያይሯቸው።

በአዲስነቷ ባትሪዋ የተመሰገነ ነበር። ዛሬ ግን አብረዋት የመጡት ባትሪዎች አርጅተዋል። ስትገዙ ስሙን አስተውሉ። ኢኤን-ኢኤል3 እና 3ኤ ይሠራሉ። መጨረሻው ላይ «ኢ» ያለበት 3ኢ ግን ለዲ70 አይሆንም። መልኩ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ተሸውዷል።

ከብርዱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጤዛው ነው። ከአንኮበር ወይም ከጻድቃኔ ማርያም መንገድ ማለዳ ሠርታችሁ፣ ብርድ የጠገበ ካሜራ ይዛችሁ ቡና የሚፈላበት ቤት ስትገቡ ሌንሱ ወዲያው ያልበዋል። ውስጡም ሊያልበው ይችላል። በሩ ላይ ሳላችሁ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስገቡና እሰሩት። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ቡና እስኪደርስ ካሜራውም ሞቆ ይጠብቃችኋል።

ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ምንድን ነው?

አቧራ ነው። ሴንሰሩ ላይ ተቀምጧል። ዲ70 እንደ ዛሬዎቹ ሴንሰሯን አራግፋ አታጸዳም። እኔ መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ላነሳ ሄጄ፣ ነፋስ ላይ ቆሜ ሌንስ ቀየርኩ። ወንዱ ጭላዳ ጋማውን ነፋስ እየበተነው ከገደሉ ጫፍ ተቀምጦ ነበር። ቸኮልኩ። ከዚያ ቀን ፎቶዎች ሁሉ ሰማዩ ላይ አሥራ አንድ ነጠብጣብ ነበር፤ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነው ያጠፋኋቸው።

ሌንስ ስትቀይሩ ጀርባችሁን ለነፋስ ስጡ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ድፉት። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ ምራቅ ይገባል። የጎማ መንፊያ ግዙ። ያልለቀቀውን ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

የትኞቹ ሌንሶች ይሠራሉ?

አካሏ ውስጥ የፎከስ ሞተር አለ። ስለዚህ የቆዩት ርካሽ ኤኤፍ ሌንሶች በራሳቸው ፎከስ ያደርጋሉ። በ2006 የወጣችው ዲ40 ይህ የላትም። የኤፍኤም2 ዘመን ማኑዋል ሌንሶች ይገጠማሉ፣ ግን ብርሃን አትለካላቸውም። በግምት መሥራት አለባችሁ።

ሴንሰሯ ከፊልም ያነሰ ስለሆነ ሌንሱ አንድ ተኩል ጊዜ የረዘመ ይመስላል። 50 ሚሊ ሜትር እንደ 75 ይሆናል፤ ለፊት ፎቶ የሚመች ነው። አብሯት የሚመጣው 18-70 ለዘመኑ ከሌሎች አጃቢ ሌንሶች የተሻለ ነው። ካገኛችሁት ከካሜራው አትለዩት።

የጥምቀት ጉግስ ላይ ፈረስ ትይዛለች?

ትይዛለች፣ ግን እናንተ ካገዛችኋት። አምስት የፎከስ ነጥብ ብቻ አሏት። ጠንካራዋ የመሐሏ ናት። እሷን ብቻ ምረጡና ደረቱ ላይ አኑሯት፤ የፈረሱ ደረት ላይ እንጂ የፈረሰኛው ላይ አይደለም። በሰከንድ 3 ፎቶ ብዙ አይደለም፤ ፈረስ በሲሶ ሰከንድ ብዙ ይሄዳል። ጣታችሁን ጭናችሁ ከመጠበቅ ይልቅ አንዷን ቅጽበት ጠብቁ። አራቱም እግሮች ከመሬት ሲነሱ፣ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሰበቅ። ሸተሩን ከ1/1000 በላይ አድርጉ። አቧራው ከኋላ በፀሐይ ሲበራ ጎን ለጎን ቁሙ።

ሜሞሪዋ ምን ዓይነት ነው?

ኮምፓክት ፍላሽ ነው፤ ወፈር ያለው፣ ካሬ የሚመስለው። ኤስዲ አይገባም። እኔ የምጠቀመው 2 ጊጋባይት ነው። አንድ ጥሩ ጄፔግ ወደ 3 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ከ600 በላይ ይይዛል። ካርዱን በቀጥታ፣ ሳይጣመም አስገቡ። ውስጡ ያሉት መርፌ የመሰሉ ፒኖች አንዴ ከታጠፉ ማቅናቱ አበሳ ነው።

ዛሬ በእሷ ብቻ ሰርግ ልቀበል?

አይሆንም። የካርድ ቦታዋ አንድ ነው። ካርዱ ቢበላሽ ሰርጉ አብሮ ይሄዳል። የሰው ሰርግ ደግሞ አይደገምም። ዕድሜዋም ከሃያ ዓመት በላይ ነው። የመሐል ሜዳው ባልደረባዬ «ለመማር እንጂ ለእንጀራ አይደለችም» ይላል። እኔ ትንሽ ላሻሽለው። ከሌላ ካሜራ ጎን ከሆነች ለእንጀራም ትሆናለች። ከቀትር በኋላ ለሚነሳው የሜዳ ፎቶ ከፍላሽ ጋር እሷን አወጣለሁ። ለቤት ውስጡ፣ ለእራቱና ለጭፈራው አዲሱን እይዛለሁ።

ለመማር ከሆነ ደግሞ የተሻለ አላውቅም። ብርሃን ላይ ስትሳሳቱ አታስተባብልላችሁም። ቪዲዮ የላትም። ስክሪኗ ላይ እያያችሁ አታነሱም፤ ዓይናችሁን መስኮቱ ላይ ማድረግ ግድ ነው። እኔ ጋ የሚሠለጥኑት ልጆች የመጀመሪያውን ወር በእሷ ብቻ ነው የሚሠሩት።

ያገለገለች ስገዛ ምን ልይ?

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የራሳችሁን ኮምፓክት ፍላሽ ካርድና፣ ከቻላችሁ፣ የሞላ ባትሪ ያዙ።

መጀመሪያ አብሯት። ከጀርባ፣ ከካርዱ በር አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ መብራት እዩ። ካርዱ ሲጻፍ በርታ ትጠፋለች፤ ያ ጤና ነው። ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም እያለች ካሜራው ምንም የማይታዘዝ ከሆነ ተዉት። ይህ የዲ70 የታወቀ ሕመም ነው። ኩባንያው ራሱ በጊዜው አምኖ በነፃ ይጠግን ነበር፤ ያ ጊዜ ግን አልፏል።

ከዚያ የካርዱን በር ከፍታችሁ በስልክ ባትሪ ፒኖቹን አብርታችሁ እዩ። ሁሉም እኩል መቆም አለባቸው።

ትንሿን ፍላሽ አስነስታችሁ አንድ ጊዜ ተኩሱ።

በመጨረሻ የሌንሱን አፐርቸር 22 ላይ ዝጉና ፎከሱን ማኑዋል አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ፎቶውን አጉሉና ከዳር እስከ ዳር እዩት። ነጠብጣብ ካለ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት። ቀጭን የማይንቀሳቀስ መስመር ካለ ግን ሰው ሊያጸዳ ሲል የጫረው ሊሆን ይችላል። ያኔ አመስግናችሁ ካሜራውን መልሱለት።